ቡዙን የሚያበጀው ሰው ዲዛይነር አይደለም

አንድ ምሽት ከአንዲት የሽያጭ ክፍል ሠራተኛ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስክሪኗን እያየሁ ነበር። ድርጅቷ በማግስቱ ጠዋት በኢንተርኔት ላይ በሚከፈት ቨርቹዋል ኤግዚቢሽን ቡዝ፣ ማለትም የራሱ ማሳያ ቦታ፣ ይዟል። ቡዙን አሰናድቶ ለጎብኚ ዝግጁ የማድረጉ ሥራ እሷ ላይ ወድቋል። የቡዝ ማበጃ መሣሪያውን የሠራነው እኛ ነን። እኔ የሄድኩት ለማየት ብቻ ነው። ካልጠየቀችኝ ላልናገር ወስኜ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ያህል የምንጣፍ ቀለም ስትመርጥ ቆየች። ያን ጊዜ መሣሪያችን የማያስመርጠው ነገር አልነበረም፤ የግድግዳ ቀለም፣ የመብራት አቅጣጫ፣ የወንበር ዓይነት፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የጠረጴዛው እግር ሳይቀር። ሁሉም ከቦታው ይነሳል፣ ሁሉም ይዞራል። በቡድናችን ውስጥ እንኮራበት ነበር። እሷ ግን መሀል ላይ ወደ እኔ ዞር ብላ «ይሄን ሁሉ መሙላት ግዴታ ነው እንዴ?» አለችኝ። ግዴታ እንዳልሆነ ነገርኳት። «ታዲያ ለምን ይጠይቀኛል?» አለች።

ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ጨረስኩ ብላ አሳተመችው። ቡዙ ያምራል። ግን «ያነጋግሩን» የሚለው ቁልፍ ከአንድ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ጀርባ ተሸፍኗል። ጎብኚ ቢፈልገውም አያገኘውም። መሣሪያችን ይህን እያየ ምንም አላለም። ሰላምታ ሰጥቶ «ቡዝዎ ዝግጁ ነው» ብሎ አሰናበታት።

እዚያው ነገርኳትና አስተካከለችው። እኔ ግን በዚያ ምሽት አንድ ነገር ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ ከእሱ የመጣ ነው። ቡዙን የሚያበጀው ሰው ዲዛይነር አይደለም። ሻጭ ነው፣ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው፣ አንዳንዴም የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ነው። ሌላ ሥራ አለበት። ያለው ጊዜ አንድ ምሽት ነው። የእኛ ድርሻ ይህ ሰው የተበላሸ ቡዝ መሥራት እንዳይችል ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ውበቱ የሚመጣው።

መልሱን ያገኘሁት ከእውነተኛው ኤግዚቢሽን ነው። በአዳራሽ ውስጥ ቦታ የሚከራይ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አማራጭ ይቀርብለታል። አንደኛው ባዶ ወለል ነው፤ ወለሉን ትከራያለህ፣ የራስህን ዲዛይነርና አናጢ ይዘህ ትመጣለህ፣ ከመሬት ጀምረህ ትሠራለህ። ሁለተኛው በእንግሊዝኛው ሼል ስኪም የሚባለው ነው፤ ግድግዳው ቆሞ፣ መብራቱ ተሰቅሎ፣ ስምህ ከላይ በተዘጋጀው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠብቅሃል። ብዙ ጊዜ ስፋቱ 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው። አንተ የምታመጣው ባነርህን፣ ብሮሹርህንና ዕቃህን ነው። ትንንሾቹ ድርጅቶች በብዛት ሁለተኛውን ይይዛሉ፤ አናጢ የማሠማራት አቅምም ጊዜም የላቸውም።

እኛ ያደረግነው ለሁሉም ሰው ባዶ ወለል መስጠት ነበር። ለዚያች ሠራተኛ መዶሻና ምስማር ሰጥተን ነው «ሥሪ» ያልናት።

ስለዚህ የመሣሪያውን ሁለተኛ ስሪት ስንሠራ የጀመርነው ከጥያቄ ነው። ድርጅቱ የራሱን መልክ ለማሳየት የትኛው ነገር ያስፈልገዋል? ጎብኚው መንገዱን ለማግኘትስ የትኛው ነገር አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየት አለበት? ነፃነት የሚሰጠው ለመጀመሪያው ነው። ሎጎ፣ ዋና ቀለም፣ የጀርባው ትልቅ ግድግዳ፣ ቪዲዮ፣ የሰላምታ ጽሑፍ፣ ሰነዶች፣ በቡዙ ውስጥ የሚቆሙት ሰዎች ስምና ፎቶ፤ እነዚህ የድርጅቱ ናቸው፣ እንደፈለገ ያድርጋቸው። «ያነጋግሩን» የሚለው ቁልፍ፣ የቪዲዮው ማጫወቻ፣ ሰነዶቹ የሚገኙበት መደርደሪያ፣ መውጫው ግን ቦታቸው አይነካም። ጎብኚ በአንድ ቀን አርባ ቡዝ ሊዞር ይችላል። በእያንዳንዱ ቡዝ የት እንደሚጫን እንደ አዲስ እንዲፈልግ ማድረግ አድካሚ ነው፤ ሦስተኛው ቡዝ ላይ ሰልችቶት ይወጣል።

በዚህ ላይ በቡድኑ ውስጥ ብዙ ተከራክረናል። አንድ ባልደረባዬ «ሁሉም ቡዝ አንድ ዓይነት ይሆናል» ብሎ ሰጋ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ያገኘነው መፍትሔ ማስገቢያ ቦታዎችን መሥራት ነው። ዕቃ በፈለጉበት ቦታ አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ቴምፕሌት (አስቀድሞ የተዘጋጀ የቡዝ ቅርጽ) ውስጥ አስቀድመን ያሰናዳናቸው ቦታዎች አሉ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ምን ዓይነት ነገር ሊገባ እንደሚችልም ተወስኗል። አበባው ከቁልፉ ፊት ሊቆም አይችልም፤ እዚያ የአበባ ቦታ የለም። ቴምፕሌቶቹ ደግሞ በቅርጽ በእውነት የተለያዩ መሆን አለባቸው። ቀለማቸው ብቻ የተለያየ አሥር ቴምፕሌት ከማቅረብ፣ አንዱ ቪዲዮ ለሚያሳይ፣ አንዱ ዕቃ ለሚደረድር፣ አንዱ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ለሚያወራ ድርጅት የተሠሩ ሦስት ቴምፕሌቶች ይሻላሉ። ሰው «የትኛው ያምራል?» ተብሎ ሲጠየቅ ይቸገራል። «ምን ልታሳይ ነው የመጣኸው?» ሲባል ግን ወዲያው ይመልሳል።

አሁን ስለ ቀለም ላውራ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ላይ ለግድግዳው፣ ለርዕሱ፣ ለቁልፉ፣ ለቁልፉ ጽሑፍ፣ ለጠረጴዛው ለየብቻ ቀለም እናስመርጥ ነበር። አሁን የምንጠይቀው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የድርጅቱን ዋና ቀለም። የቀሩትን መሣሪያው ራሱ ከእሱ ያወጣቸዋል፤ ፈዘዝ ያለውን ለግድግዳ፣ ጠቆር ያለውን ለጠረጴዛ፣ ዋናውን ለቁልፍ። ሰውየው ካልወደደው አንድ በአንድ መቀየር ይችላል። ግን ብዙዎቹ አይቀይሩም።

ዋናው ጉዳይ ጽሑፉ መነበቡ ነው። ዊካግ (WCAG) የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል፤ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ1 ይበቃዋል። ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1 ነው፤ የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚደነቅበት ደግሞ ቀዩ ነው። ንጹሕ ቀይ ላይ ነጭ ፊደል ብታስቀምጥ 4 ለ1 ገደማ ነው የሚሆነው፤ ለትልቅ ርዕስ ያልፋል፣ ለትንሽ ጽሑፍ ይወድቃል። ጥቁር ፊደል ብታስቀምጥ ግን 5.25 ይሆንና ያልፋል። ዓይናችን ነጩን ቢለምደውም ሒሳቡ ጥቁሩን ይመርጣል።

ይህን ሁሉ ለሻጭ ማስረዳት አይጠበቅብንም። መሣሪያው ራሱ ያስላው። የቁልፉን ጽሑፍ ቀለም ማንም አይመርጥም፤ ጥቁር ወይስ ነጭ የሚለውን ፕሮግራሙ ይወስናል። ሰውየው በራሱ የማይነበብ ቀለም ሲመርጥ «ስህተት» ብለን ቀይ መስመር አናወጣም። አጠገቡ ትንሽ ጠቆር ያለ፣ የሚነበብ ተመሳሳይ ቀለም እናሳየውና «ይህን ልጠቀም?» እንለዋለን። አንድ ጊዜ ይጫናል፣ አለቀ። ስህተቱን ብቻ ነግረህ መፍትሔውን ካልሰጠኸው ሰው ማስጠንቀቂያውን ዘግቶ ነው የሚያልፈው።

ሌላም አለ፤ ይህኛው በሦስት አቅጣጫ (3D) በተሠራ ቡዝ ላይ ብቻ የሚመጣ ነው። አንድ ድርጅት «ቀያችን ይሄ አይደለም» ብሎ ደብዳቤ ጻፈልን። የቀለሙን ኮድ ስናይ በትክክል ያስገቡት ነው። ስክሪኑ ላይ ስናየው ግን እውነትም ፈዝዞ ወደ ብርቱካናማ ሄዷል። ምክንያቱ የአዳራሹ ብርሃን ነበር። በሦስት አቅጣጫ የተሠራ ቦታ ውስጥ ቀለም ብቻውን አይታይም፤ መብራት ያርፍበታል፣ ጥላ ያርፍበታል፣ በመጨረሻም ምስሉ ፊልም እንዲመስል ተብሎ ቶን ማፒንግ የሚባል ማስተካከያ ይደረግበታል። ይህ ማስተካከያ ደማቅ ቀለሞችን ያደበዝዛል። ለወንበርና ለወለል ጥሩ ነው። ለሎጎ ግን አይሆንም። አሁን ሎጎ ያለበት ሰሌዳ ብርሃን አይነካውም፣ ማስተካከያውም ያልፈዋል፤ እንደ ገባ ይወጣል። ሥራው የአንድ ቀን ነበር። ለድርጅቶቹ ግን ከምንጣፍና ከወንበሩ ሁሉ በላይ ትልቅ ነገር ሆኖላቸዋል፤ ቀለማቸው ፊታቸው ነው።

የሎጎ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ዲዛይነር ያልሆነ ሰው ሎጎ አምጣ ስትለው የሚያመጣው ያገኘውን ነው። ከደብዳቤ ራስጌ ላይ የተቆረጠ፣ ከድረ ገጽ የተወሰደ ትንሽ ምስል፣ ዙሪያውን ነጭ ሳጥን ያለው። ነጩ ሳጥን ሰማያዊ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የወረቀት ቁራጭ ይመስላል። አንዳንዱ ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀውን ፋይል ይልካል፤ የእሱ ቀለም በአራት የማተሚያ ቀለሞች የተቀመጠ ነው፣ ስክሪን ደግሞ በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሠራ ሲቀየር መልኩ ይለወጣል።

«እባክዎ ጀርባው ግልጽ የሆነ ፒኤንጂ ፋይል ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ ለብዙ ወራት ለጥፈን ቆይተናል። ማንም አላነበበውም። ያነበበውም ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። አሁን የመጣውን እንቀበላለን። ሎጎው ሲገባ መሣሪያው ዙሪያውን ያያል፤ ወጥ የሆነ ነጭ ጀርባ ካገኘ ያነሳውና ሁለቱን ጎን ለጎን አሳይቶ የትኛው ይሻላል ብሎ ይጠይቃል። በዙሪያው ያለውን ባዶ ቦታ ይከረክማል፤ ይህ ካልተደረገ የአንዱ ሎጎ ትልቅ የሌላው ትንሽ ሆኖ ይታያል፣ ፋይሎቹ እኩል ቢሆኑም። ርዝመቱና ስፋቱ ተመጣጥኖ ብቻ ነው የሚያድገው፤ ጎትቶ ማጣመም አይቻልም። ኤስቪጂ ፋይል፣ ማለትም በፒክሰል ሳይሆን በመስመር የተሣለ ምስል፣ ሲመጣ ደስ ይለናል፤ የቱንም ያህል ብታሳድገው ጠርዙ አይሰባበርም። ግን ይህ ፋይል ውስጡ ጽሑፍ ነው፣ በውስጡ የሚሠራ ፕሮግራም ተደብቆ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ሳይታጠብ፣ ማለትም ያ ፕሮግራም ሳይወጣለት፣ ወደ ሌላ ሰው ብራውዘር እንዳይሄድ። ይህን የሚዘነጋ የፕሮግራም ሰው ካለ ዛሬውኑ ይመልከተው።

ስለ ምስል ክብደት ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስለሆነ። የፋይሉ መጠንና ምስሉ በመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ላይ የሚይዘው ቦታ የተለያዩ ናቸው። 4096 በ4096 ፒክሰል የሆነ ምስል ተጨምቆ ፋይሉ ግማሽ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ጭመቃው ይፈታል፤ ለእያንዳንዱ ፒክሰል 4 ባይት ይያዛል፣ ድምሩ 64 ሜጋባይት ነው። አምስት ግድግዳ ካለህ 320 ሜጋባይት። ያንኑ ምስል 1024 በ1024 ብታደርገው 4 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። እኛ ፋይሉ ከ5 ሜጋባይት አይብለጥ የሚል ገደብ አስቀምጠን ተረጋግተን ተቀምጠን ነበር፤ ስልክ ላይ ያሉ ጎብኚዎች ግን ቡዙ ሲከፈት ብራውዘራቸው ይዘጋባቸው ነበር። ጥፋቱ የድርጅቶቹ አይደለም። እነሱ የተባሉትን ነው ያደረጉት። አሁን መሣሪያው እያንዳንዱን ምስል በሚለጠፍበት ሰሌዳ ልክ ያሳንሰዋል፣ ማኅደረ ትውስታ ላይም እንደተጨመቀ ወደሚቆይ ዓይነት ይቀይረዋል። ሰውየው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም።

ምስል ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍም አስቸጋሪ ነው። ለመንገድ ዳር ሰሌዳ የተዘጋጀ ፖስተር ይመጣና ቡዝ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ዋጋው፣ ስልክ ቁጥሩ፣ አድራሻው ሁሉ ምስሉ ውስጥ ነው። ስልክ ላይ አይነበብም፣ ፍለጋ አያገኘውም፣ ማየት ለተሳነው ጎብኚ የሚያነብለት ፕሮግራምም አያየውም። ይህን መከልከል አልፈለግንም። አጠገቡ «በዚህ ምስል ላይ ምን ተጽፏል?» የሚል አንድ ሳጥን አደረግን። ሰው ጥያቄ ሲሆን ይመልሳል። «ተለዋጭ ጽሑፍ ያስገቡ» ስንል ግን ባዶውን ይተወው ነበር።

ወደ ፊደል ስንመጣ እኔን በግል የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በብዙ የሦስት አቅጣጫ ቦታዎች ውስጥ ጽሑፍ የሚሠራው ፊደሎቹን አስቀድሞ በአንድ ትልቅ ምስል ላይ ደርድሮ፣ ከዚያ እየቀነጨቡ በመለጠፍ ነው። ለላቲን ፊደል መቶ ያህል ምልክት ይበቃል። የእኛ ፊደል ከ300 በላይ ነው። የቻይንኛው በሺዎች ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ላቲኑን ብቻ ደርድሮ ከሄደ ድርጅቱ ስሙን በግዕዝ ፊደል ሲጽፍ የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ውስጥ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ስለዚህ ፊደሉ የለም የሚል ምክንያት አይሠራም፤ ያልተደረገው መደርደሩ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ የሚያስፈልጉትን ፊደሎች ብቻ ጽሑፉ ሲገባ መደርደር ይቻላል። ዓረብኛ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ሎጎውና ርዕሱ ቦታ መቀያየር አለባቸው። ጀርመንኛ ቃላቱ ስለሚረዝሙ ለእንግሊዝኛ ተለክቶ የተሠራ ቁልፍ ይጠብበዋል። የሰው ስም ባዶ ሳጥን ሆኖ ሲታይ ያማል። አዲስ ቴምፕሌት ከመውጣቱ በፊት በአምስት ቋንቋ ስም ጽፈን የምናየው ለዚህ ነው።

ስለ ቅድመ እይታ አንድ ነገር ልበል። የሚያበጀው ሰው ቡዙን የሚያየው ከቅርብ ነው፣ በትልቅ ስክሪን፣ ፊት ለፊት ቆሞ። ጎብኚው ግን መጀመሪያ የሚያየው ከሩቅ ነው፤ በአዳራሹ ዝርዝር ውስጥ እንደ አንድ ትንሽ ካርድ፣ ወይም ከመተላለፊያው ጫፍ። ብዙውን ጊዜም በስልክ። ስለዚህ «ቅድመ እይታ» የሚል አንድ ቁልፍ አይበቃም። እኛ ሦስት ትንንሽ መስኮቶችን ሁልጊዜ ከጎን ክፍት እናደርጋለን፤ ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ በስልክ። ሰውየው ሎጎውን ሲቀይር ሦስቱም አብረው ይቀየራሉ። ይህን ካደረግን በኋላ የርዕሶቹ ርዝመት ራሱ አጠረ። ማንም አሳጥሩ አላላቸውም፤ ከሩቅ ሲያዩት እንደማይነበብ በዓይናቸው አዩ።

አሁን ወደ ፍርሃት ልምጣ። መሣሪያ የሚፈራ ሰው አይሞክርም። ያቺ ሠራተኛ ቪዲዮውን ለመቀየር ስትሞክር እጇ ሲያመነታ አይቻለሁ፤ «ብነካው ቢጠፋስ?» ብላ። ወደ ኋላ ለመመለስ ኮንትሮል ዜድ ስትጫን ምንም አልሆነም፤ አልሠራነውም ነበር። ለሁለተኛው ስሪት ገና ሥራው ሲጀመር ወደ ኋላ መመለሻውን ነው መጀመሪያ የሠራነው። በኋላ ልጨምረው ብትል እያንዳንዱን ነገር እንደገና መጻፍ ይጠይቅሃል። እያንዳንዱ ለውጥ ይመዘገባል፣ ገጹን ዘግተህ ብትመለስም እንኳ ወደ ኋላ መሄድ ትችላለህ። «አስቀምጥ» የሚል ቁልፍ የለም፤ በራሱ ይቀመጣል፣ መቀመጡንም በትንሽ ጽሑፍ ይናገራል። ያ ትንሽ ጽሑፍ ከሌለ ሰው አያምንም፣ አንዳንዱ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል።

በራሱ መቀመጥና ለጎብኚ መታየት ግን መለያየት አለባቸው። ኤግዚቢሽኑ ተከፍቶ ጎብኚ ቡዙ ውስጥ እያለ አንድ ሰው ግድግዳ እየቀየረ ከሆነ፣ ጎብኚው ያንን ማየት የለበትም። ረቂቁ ሌላ፣ የታተመው ሌላ። ለማሳተም አንድ ቁልፍ፣ ወደ ቀድሞው ለመመለስም አንድ ቁልፍ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ደግሞ የአንዱ ሥራ የሌላውን እንዳያጠፋ። እኛ ሁለቱም አብረው የሚጽፉበትን ውስብስብ ነገር ልንሠራ አስበን ተውነው። «አሁን ሌላ ሰው ይህን ክፍል እያስተካከለ ነው» ብሎ ስሙን የሚያሳይና ክፍሉን ብቻ የሚቆልፍ ነገር በቃን። የአንድ ቡዝ ሠራተኞች ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፣ ተጠራርተው ይግባባሉ።

የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ ነገር ደግሞ አለ። አዘጋጁ ሁለት መቶ ቡዝ ሊኖረው ይችላል። እያንዳንዱን ከፍቶ ዓይቶ ማጽደቅ ይፈልጋል፤ ያልተገባ ነገር እንዳይለጠፍ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ግን ድርጅቶቹ ሥራቸውን የሚጨርሱት በመጨረሻው ምሽት ስለሆነ ሁለት መቶው በአንድ ሌሊት ነው የሚመጣበት። አንድ አዘጋጅ እስኪነጋ ሲያጸድቅ አድሮ ጠዋት ላይ ሰላሳ ቡዝ ሳይከፈት ቀርቶበታል። ድርጅቶቹ ተቆጡ፤ መቆጣታቸውም ትክክል ነበር። አሁን ማሽን ሊያየው የሚችለውን ማሽን ያየዋል፤ ቪዲዮው ይከፈታል ወይ፣ ሊንኩ ይሠራል ወይ፣ የሚያናግር ሰው ተመድቧል ወይ፣ ሎጎ ገብቷል ወይ። ይህን ያለፈ ቡዝ በራሱ ይከፈታል። የአዘጋጁ ዓይን የሚያስፈልገው ምስሉና ቪዲዮው ላይ ነው፤ እሱንም ቡዙ ከተከፈተ በኋላ ማየትና አስፈላጊ ከሆነ መዝጋት ይችላል። አዘጋጁ ራሱ ቅድሚያ ይታይልኝ ካለ ይቀይረዋል፤ እኔ ግን መነሻው ክፍት መሆን አለበት ብዬ አጥብቄ ተከራክሬያለሁ።

አንድ የማልስማማበት ልማድም አለ። አዘጋጆች የቡዝ ደረጃ ይሸጣሉ፤ ትልቅ ከፋይ ብዙ ነገር ያገኛል። ይህ ንግድ ነው፣ ችግር የለውም። ግን ትንሽ የከፈለው ድርጅት ሲያበጅ በየቦታው የተቆለፈ ነገር እያሳዩ «ይህን ለማግኘት ይክፈሉ» ማለት ሥራውን ያስረብሸዋል። ውሳኔው ተወስኖ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ አልቋል። ያ ሰው አሁን ያለው በሥራ ላይ ነው። ያለውን ነገር ብቻ አሳዩት። የሚሸጥ ካለ ቡዝ ሲከራይ ይነገረው።

መጎተትንም አነሳለሁ። ማበጃ መሣሪያ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው በማውዝ ይዞ መጎተት ነው። በኦክቶበር 2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዊካግ 2.2 ስሪት በመጎተት የሚሠራ ነገር፣ መጎተቱ የግድ ካልሆነ በቀር፣ ሳይጎትቱ በመጫን ብቻ የሚሠራበት መንገድ እንዲኖረው ይጠይቃል። እኛ ይህን ያደረግነው መመሪያውን ለማክበር ብለን ነበር፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማውዝ ይዞ መጎተት ይከብደዋል። ካደረግነው በኋላ ግን ቦታውን መጫን፣ ከዚያ ከዝርዝር መምረጥ ለሁሉም ሰው ፈጣን ሆኖ ተገኘ። በላፕቶፕ መዳሰሻ ላይ መጎተት ለማንም አይመችም። የማስገቢያ ቦታዎቹ ስላሉን ደግሞ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቦታው ስም አለው፣ በኪቦርድ ብቻም ይደረስበታል።

ሁለተኛውን ስሪት ስንጨርስ ያቺን ሠራተኛ ደውዬ ለመንኳት። መጥታ ቁጭ አለች፤ እኔም እንደበፊቱ አጠገቧ። ሎጎዋን አስገባች፤ ነጭ ሳጥን ያለው ያው የድሮው ሎጎ ነው። መሣሪያው አንስቶ አሳያት፣ «ኧረ!» ብላ ተቀበለችው። ቀለም መረጠች። ዕቃ ለሚደረድር ድርጅት የተሠራውን ቴምፕሌት ያዘች። አንድ ጊዜ ቪዲዮውን በስህተት አጥፍታ ኮንትሮል ዜድ ስትጫን ሲመለስላት ዝም ብላ ቀጠለች፤ ለእኔ ከዚያ ቀን ሁሉ ትልቁ ቅጽበት ያ ነበር። ሳትደነግጥ ቀጠለች። በሠላሳ አምስት ደቂቃ ውስጥ ቡዟ ተከፈተ። ስለ ምንጣፍ ማንም አልጠየቃትም።

ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረችና «ጥሩ፤ ነገ ጎብኚው መጥቶ ሲያናግረኝ ግን መልእክቱ የት ነው የሚመጣልኝ? እዚህ ገጽ ላይ ሙሉ ቀን ቁጭ ልበል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት፤ አሁን እየሠራን ያለነው እሱን ነው።